አሮጌ የሚባለው ሞተር ስንት አሮጌ ዕቃ አለው?

ትራያል የሚባለው የሞተር ሳይክል ውድድር ፍጥነት አይጠይቅም። ድንጋይ፣ ጭቃና ወንዝ እግር መሬት ሳያስነኩ ማለፍ ነው። እግር ሲነካ ነጥብ ይቆጠራል፤ ያነሰ ነጥብ ያለው ያሸንፋል።

ሜዳው ለረጅም ጊዜ የእንግሊዞች ነበር። የቤልፋስቱ ሳሚ ሚለር በ500 ሲሲ ኤሪየል ተፎካካሪ ያስጨንቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ግን ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ዞረና ሼርፓ የተባለችውን ቀላል ሞተር አብሮ ሠራ። በ1965 የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ውድድር አሸነፈባት። ያንን ውድድር የውጭ አገር ሞተር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲያ ከባዱን የእንግሊዝ ሞተር የሚፈልግ ጠፋ።

የአሮጌ ሞተር ወዳጆች ዛሬ "ከ65 በፊት" የሚል ምድብ ያላቸው ለዚህ ነው። ዓመቱ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ የሽንፈቱ ድንበር ነው። ሼርፓና መሰሎቿ ከመስመሩ ማዶ ቀሩ።

ታዲያ በዚያ ምድብ ከሚሰለፉት መካከል ያረጀው ቅርጻቸው ብቻ የሆነ አሉ። ሻንሲው አዲስ፣ ብሎኑ ቲታኒየም፣ ማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክ። ይህን እድሳት ለማለት ይከብደኛል። ክብደቱ ያሸነፈው ሞተር ዛሬ ቀልሎ ሲዘል ያየ ወጣት፣ ሚለር ለምን ጥሎት እንደሄደ በምን ይገባዋል?

በእርግጥ ሳይቀየር የማይሆን ነገር አለ። የቀደምቶቹ ሼርፓዎች የነዳጅ ታንክ ፋይበርግላስ ነው፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት የዛሬ ቤንዚን ሙጫውን ያሟሟዋል። ባለቤቶቹ ውስጡን ይቀባሉ፣ አለዚያም አሉሚኒየም ያስገጥማሉ። የድሮውን ታንክ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ያኖረ፣ የቀየረውንም ለገዢ የሚናገር ሰው ግን በእኔ ዘንድ አልዋሸም።