በዚያኛው ይጠቅልሉልኝ

እስቲ ጠጋ በሉ። አቦሉ ገና አልተቀዳም፤ እስኪደርስ አንድ ነገር ላጫውታችሁ።

መርሳን ታውቋታላችሁ። ከደሴ ተነስቶ ወደ ወልድያ የሚሄድ መኪና ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ የሚደርስባት የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። መኪናው ገና ሳይቆም ብርቱካኑና ማንጎው በመስኮት ይገባል። እኔ ያደግሁት እዚያ ነው፤ ፍራፍሬ ጠግቤ፣ መጽሐፍ እየራበኝ።

ሐጂ የምንላቸው ባለሱቅ ነበሩ። ያን ጊዜ ፌስታል አልበዛም፤ ስኳሩም፣ ጨውም፣ ኦቾሎኒውም የሚጠቀለለው በወረቀት ነው። ሐጂ ወረቀቱን በኪሎ ይገዛሉ፦ ያለቀ ደብተር፣ የቀበሌ ቅጽ፣ እኔን ሲቀናኝ ደግሞ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ።

አንድ ቀን የአምስት ሳንቲም ኦቾሎኒ ገዝቼ ስፈታው፣ አንዲት ሴት ደብዳቤ ተቀብላ በር ላይ ቆማለች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ልትከፍተው ስትል ገጹ አለቀ። ኦቾሎኒውን ኪሴ ውስጥ ገልብጬ ሮጥኩ።

«ሐጂ፣ ሌላ የአምስት ሳንቲም። በዚያኛው ይጠቅልሉልኝ።»

«በየትኛው?»

«ከዚህ ቀጥሎ ባለው።»

ሳቁብኝ። ለካስ ሐጂ የሚቀዱት ከኋላ ነው! ደብዳቤው የሚከፈትበት ገጽ ጠዋት የአንዱን ጨው ጠቅልሎ ገጠር ገብቷል። እኔ የደረሰኝ የፊተኛው ነው። እንዲህ እያልኩ ያንን ልብ ወለድ ወደ ኋላ አነበብኩት፤ ሰዎቹ መጀመሪያ ተጣሉ፣ ከዚያ ተጋቡ፣ በስተመጨረሻ ተዋወቁ። ደብዳቤው ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳንቲሜ ሲያልቅ ሐጂ አዘኑልኝ። «አንተ ልጅ፣ ያለቀ ደብተርህን አምጣና በሚዛን እንለዋወጥ» አሉኝ። ግራም በግራም! የክፍሌን ልጆች ደብተር ለመንኩ፣ የታላቅ ወንድሜን ሳያልቅ ወሰድኩ። በዚያ ሚዛን አራት መጽሐፍ አገኘሁ። አንዱ የእርሻ መማሪያ ነበር፤ እሱንም አነበብኩት።

ሌላው ነጻ መጽሐፍ በአየር ይመጣ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ነው የታተመው፤ እኛ ዘንድ ግን በወረቀት ከመድረሱ በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ደረሰ። ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመን እንሰማለን። ባለቤቱ «ሻይ የማይጠጣ አይቁም» ሲል አንድ ሻይ ለአምስት ገዝተን ቆምን። ወጋየሁ ሲተርክ ሽማግሌው ሌላ፣ ወጣቷ ሌላ ናት። ማታ ቤት ገብቼ ድምፁን እየሰረቅሁ ለእናቴ እደግምላታለሁ።

ይህ ስርቆት ወልድያ ስማር ጠቀመኝ። መጽሐፍ በቀን የሚያከራይ ሱቅ ነበር፤ መታወቂያ ለመያዣ፣ ኪራዩ በቅድሚያ። የዋጉ ልጅ የማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍት መደርደሪያው ላይ አይውሉም፣ አያድሩም። ሦስት ሆነን እናዋጣለን፤ እኔ አነባለሁ፣ ሁለቱ ይሰማሉ፣ ኩራዙን ደግሞ እነሱ ይችላሉ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ወዲያው ታግዶ ከገበያ ሲለቀም ግን ኪራይም አልነበረም። በጋቢ ተጠቅልሎ ለአንድ ሌሊት መጣልን። ያን ሌሊት በድምፅ ማንበብ አልደፈርንም፤ ሦስት ጭንቅላት በአንድ ገጽ ላይ ደፍተን፣ ቀድሞ የጨረሰው ሌሎቹን እየጠበቀ ነጋ።

አገራችን ለመጽሐፍ እንዲህ ናት። እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ዳና ሊቀራ የገባ ደረሳ፣ ኪታብ የሚገዛበት ቢያጣ ተቀምጦ ይገለብጠው ነበር። የቆሎ ተማሪውም እንዲሁ ነበር። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ብትወርዱ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን በብራና መጻሕፍት አደራጅተውታል፤ አንዱ ጽፎት ሌላው ያነበበው ነው።

ልጆቼ ይሄን ሳወራ ስልካቸውን ያሳዩኛል። «አባባ፣ ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ሁሉም አለ።» አለ፤ ግን የሰው ላብ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው ከሞተ በኋላ እንኳ 50 ዓመት ጥቅሙን ለወራሾቹ ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ነው፤ ቁጠሩት። ነጻ የሚሻ ወደ ኋላ ይሂድ፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» አለላችሁ፣ በ1931 በስደት ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ሥራዎች አሉላችሁ። ልጆቼ ዝም አሉ። እኔም የወንድሜን ደብተር አስታውሼ ዝም አልኩ።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ያየችውን አይታለች፤ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ተዘረፈ። በኋላ ከመርሳ ወጥቼ ወልድያ አዳጎ ገበያ ላይ ቆሎ ገዛሁ። ጥቅሉን ስፈታው ሰማያዊ ክብ ማኅተም አለው፤ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም። ቆሎው አፌ ውስጥ አሸዋ ሆነብኝ።

«እታለም፣ ይህን ወረቀት ከየት አገኘሽው?»

«ሜዳ ላይ ተበትኖ አግኝቼ ነው የለቀምኩት። ዝናብ ሊበላው አይደል?»

ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ከጎኗ ግማሹ የተቀደደ መጽሐፍ አለ። እየሮጥኩ ሄጄ አሮጌ ጋዜጣ ለምኜ መጣሁና «በሚዛን እንለዋወጥ» አልኳት። ሚዛን የላትም። ጋዜጣውን በአንድ እጇ፣ መጽሐፉን በሌላው ይዛ ከፍ ዝቅ አደረገችና «ያንተ ይከብዳል» ብላ አንድ ስኒ ቆሎ ጨመረችልኝ።

ትምህርት ቤቱ ድረስ ወሰድኩት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ማኅተሙን አይታ፣ በእጇ ጠርጋው፣ መዝገቡን አወጣች። ርዕሱን ጻፈች። ከዚያ ገለበጠችውና ቀና አለች።

«መጨረሻውስ የት አለ?»

«ከኋላ ነው የሚቀዱት፣ እታለም።»

«ጎደሎ» ብላ ጻፈችና መደርደሪያው ላይ አቆመችው። በሉ፣ አቦሉ ደርሷል።