ያልሆነ ታሪክ እንዴት ይሰረዛል? የስታር ዋርስ መጻሕፍትና የአንባቢዎቻቸው ክርክር

በሐኑካ ዕረፍት ከማኅበራችን ልጆች ጥቂቶቻችን አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ስለ ስታር ዋርስ ስንከራከር ነበር። እዚህ አገር በዕብራይስጥ «ሚልኸሜት ሃኮኸቪም» የሚባለው ነው፤ የከዋክብት ጦርነት ማለት ነው። የተከራከርነው ስለ ፊልሞቹ አልነበረም፤ ከፊልሞቹ ጎን ለጎን ስለተጻፉት ልቦለዶች ነው። ግማሾቻችን «እነዚያ መጻሕፍት ተሰርዘዋል፣ አይቆጠሩም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ማን አባቱ ነው የሚሰርዛቸው?» አልን። ጩኸታችን ሲበዛ የጓደኛችን እናት ከኩሽና ብቅ አሉና «የምን ጦርነት ነው?» ብለው ጠየቁን። አስረዳናቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው «ይሄ ነገር ግን በእውነት የሆነ ነው?» አሉ። «አይ፣ ፈጠራ ነው» አልናቸው። «ፈጠራ ከሆነማ ድሮውንም አልሆነም። ያልሆነን ነገር እንዴት አድርገው ነው የሚሰርዙት?» ብለው ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

መልስ አጣን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው መልሱን ስንፈልግ ነው። ወላጆቻችን፣ ልጆቻችሁ በዚህ ነገር ለምን እንደሚጨቃጨቁ ይገባችኋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ጓደኞቻችን፣ ፊልሙን ብቻ ያያችሁ ደግሞ የቀረባችሁን ታውቃላችሁ።

ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ስታር ዋርስ ከፊልም በፊት መጽሐፍ ሆኖ ነው የወጣው። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረው በግንቦት 1977 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ መጽሐፉ ግን በ1976 መጨረሻ ላይ ገበያ ውስጥ ነበር። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው የፊልሙ ባለቤት የጆርጅ ሉካስ ስም ነው። ብዕሩን የያዘው ግን አለን ዲን ፎስተር የሚባል ደራሲ ነበር።

ይኸው ፎስተር በ1978 ሌላ ልቦለድ አሳተመ። ይህኛው በፊልሙ ውስጥ የሌለ አዲስ ታሪክ ነበር። የመጽሐፉ አነሳስ ራሱ ያስገርማል። የመጀመሪያው ፊልም ይሳካ አይሳካ ገና ስላልታወቀ፣ ብዙ ገንዘብ ካላመጣ በርካሽ ወደ ሁለተኛ ፊልም የሚለወጥ ታሪክ እንዲሆን ተብሎ ነው የታሰበው። ለዚህ ነው ታሪኩ ሚምባን በምትባል በጭጋግ የተሸፈነች ፕላኔት ላይ የሚካሄደው፤ ጭጋግ ካለ ብዙ ነገር መሥራት አያስፈልግማ! ሃን ሶሎም የለበትም፤ ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ለሁለተኛው ፊልም ገና አልፈረመም ነበር። በዚህ መጽሐፍ ሉክና ልዕልት ሌያ የሚፈላለጉ ይመስላሉ። በ1983 በወጣው ሦስተኛ ፊልም ደግሞ መንታ ወንድምና እኅት መሆናቸው ተነገረ። የመጽሐፉ አንባቢዎች ምን ያህል እንዳፈሩ አስቡት። እንግዲህ መጽሐፉና ፊልሙ ሲጣሉ የትኛው ይታመናል የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተወለደ።

ከ1983 በኋላ ነገሩ ቀዘቀዘ። አዲስ ፊልም የለም፣ አዲስ ልቦለድም የለም። ፊልሙን እያዩ ያደጉት ልጆች ወደ ሌላ ነገር ዞሩ። በ1991 ግን ቲሞቲ ዛን የሚባል ደራሲ «የግዛቱ ወራሽ» የሚል ትርጉም ያለው ልቦለድ አወጣ። ታሪኩ ሦስተኛው ፊልም ካለቀ ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀምራል። መጽሐፉ በኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ላይ አንደኛ ወጣ። ሞቷል የተባለው ስታር ዋርስ በመጽሐፍ ተነሣ። ዛን በዚያ መጽሐፍ ስሮን የሚባል የጦር አዛዥ ፈጠረ፤ ሰማያዊ ቆዳና ቀይ ዓይን ያለው፣ የጠላቱን ሕዝብ ሥነ ጥበብ እያጠና የሚዋጋ ሰው ነው። ማራ ጄድ የምትባልም ሴት አለች፤ መጀመሪያ ሉክን ልትገድል የምትፈልግ፣ በኋለኞቹ ታሪኮች ግን ሚስቱ የሆነች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ወጣ። ሃንና ሌያ ተጋቡ፣ ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹም አደጉ። ስታር ዋርስ በፊልም ያልነበረው አንድ ነገር በመጽሐፍ አገኘ፤ ጀግኖቹ ከአንባቢው ጋር አብረው አረጁ። አንባቢው በአሥራ አምስት ዓመቱ ጀምሮ ራሱ አባት እስኪሆን የአንድ ቤተሰብን ታሪክ ይከታተል ነበር። በ1999 ሳልቫቶሬ የሚባል ደራሲ በጻፈው ልቦለድ ደግሞ የሃን የልብ ጓደኛ፣ ጸጉራሙ ቹባካ፣ የሃንን ልጅ ሲያድን ሞተ። ስንቱ አንባቢ ተቆጣ፣ ስንቱ አለቀሰ! በፈጠራ ሰው ሞት ማዘን ሞኝነት ነው የሚል ካለ፣ ከእኛ ጋር አንድ ምሽት ይቀመጥ።

ታሪኩ ሲበዛ መጣላቱም በዛ። በ2000 ሌላንድ ቺ የሚባል የሉካስፊልም ሠራተኛ የስታር ዋርስን ስሞች፣ ቦታዎችና ድርጊቶች የሚመዘግብ የኮምፒውተር መዝገብ ያዘ። መዝገቡ ደረጃ ነበረው። ፊልሞቹ ከሁሉ በላይ ናቸው፤ መጻሕፍቱ ከሥር ናቸው፤ ፊልም ከመጽሐፍ ከተጋጨ ፊልሙ ያሸንፋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የጸደቀውን ታሪክ «ካነን» ይሉታል። ሆኖም ከፊልም እስካልተጋጨ ድረስ መጽሐፉም ይቆጠር ነበር፤ አንባቢውም ይህን አምኖ ነው ገንዘቡንና ጊዜውን የሰጠው። ወደ ፊልም የገባም አለ። ኮረሳንት የሚለው የዋና ከተማይቱ ስም መጀመሪያ የመጣው ከዛን መጽሐፍ ነው፤ በኋላ ሉካስ በ1999 ፊልሙ ውስጥ ተጠቀመበት።

ከዚያ ትልቁ ነገር መጣ። በጥቅምት 2012 ዲዝኒ ሉካስፊልምን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት መስማማቱንና አዳዲስ ፊልሞች እንደሚሠሩ አስታወቀ። ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ኩባንያው አንድ መግለጫ አወጣ። ከዚህ በኋላ የሚቆጠሩት ስድስቱ ፊልሞች፣ «ክሎን ዋርስ» የተባለው የካርቱን ሥራና ወደፊት የሚወጡት ናቸው። የቀድሞዎቹ ልቦለዶች «ሌጀንድስ» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ወደ ጎን ተደረጉ። መታተማቸው ይቀጥላል፤ ታሪኩ ግን «አልሆነም»።

ለኩባንያው እንፍረድለት ካልን ምክንያት ነበረው። አዲስ ፊልም የሚሠራ ሰው ከሰላሳ ዓመት በላይ የተከማቸ ታሪክ አንብቦ፣ አንዱንም ሳይነካ መሥራት አይችልም። መጽሐፍ ያላነበበ ተመልካችም የሉክን ሚስት ማን ያስተዋውቀዋል? የአንባቢዎቹም ቅሬታ ግን እውነት ነበረው። የሃያ ዓመት ታሪክ መጨረሻ ሳይኖረው መንገድ ላይ ቀረ። በ2015 ፊልሙ ሲወጣ ቹባካ በሕይወት አለ፤ የተለቀሰለት ሰው ተመልሶ መጣ። ማራ ጄድ ግን የለችም። አንዳንድ አድናቂዎች የድሮው ታሪክ እንዲቀጥል ለዓመታት ሲወተውቱ ቆዩ። ሌሎች «ባለቤቱ ነው የሚወስነው» ብለው አዲሱን ተከተሉ። በእኛም ቤት የነበረው ክርክር ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስሙ። በ2016 ስሮን «ሬበልስ» በተባለው ካርቱን ተመልሶ መጣ። በ2017 ስለ እሱ አዲስ መጽሐፍ እንዲጽፍ የተጠራው ራሱ ቲሞቲ ዛን ነው። በ2023 «አሶካ» በተባለው ተከታታይ ፊልም በሥጋ ለብሶ፣ በተዋናይ ታየ። ያቺ የጭጋጓ ፕላኔት ሚምባን እንኳ በ2018 ስለ ሃን ሶሎ በተሠራው ፊልም ውስጥ ገብታለች፤ መጽሐፉ በወጣ በ40 ዓመቱ። የተሰረዘውን ነገር መልሰው ያመጡት በዛን መጽሐፍ ፍቅር ያደጉ ሰዎች ባይኖሩ፣ አንባቢውም ስሙን እያነሣ ባያስታውሰው ኖሮ አይመለስም ነበር።

ስለዚህ ለእናታችን ጥያቄ ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ኩባንያው መጻሕፍቱን አልሰረዘም፤ መሰረዝ የቻለው የራሱን ቃል ነው፣ «ይሄን እንቆጥረዋለን» ያለውን። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ያነበበውም ሰው አንብቦታል።

አንድ ነገር ግን ጨምረን እንውጣ። «ሌጀንድስ» የሚለውን ቃል ወደ አማርኛ ስንመልሰው «አፈ ታሪክ» ሆነብን። ለአድናቂዎቹ ቃሉ ስድብ ነበር። እኛ ግን ቆም አልን። ወላጆቻችን ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን የሄዱበትን መንገድ መጀመሪያ የሰማነው ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም፣ ከአፋቸው ነው። አናምታታው፤ የእነሱ የሆነ ነገር ነው፣ የስታር ዋርስ ፈጠራ ነው። ልዩነቱ ግን እኛን ሊያሳፍረን ይገባል። ያልሆነው ታሪክ በሺህ በሚቆጠር ገጽ ተጽፎ ስለተቀመጠ ማንም ሊያጠፋው አልቻለም። የሆነው ግን ገና ብዙው አልተጻፈም፤ ተናጋሪው ካለፈ ደግሞ መደርደሪያ ላይ ሄደን አናገኘውም።

የዛንን ሦስት መጻሕፍት ማንበብ የሚፈልግ ልጅ ከእኛ ይዋስ፤ እንግሊዝኛው ከከበደው አብረን እናነባለን። እናቶቻችንና አባቶቻችን፣ እናንተ ደግሞ አንድ ማታ ቡናው ሲፈላ ጥሩን። ደብተር ይዘን እንመጣለን።