የሎስ አንጀለስ የቆሻሻ ጋዝ ኤሌክትሪክ

የቆሻሻ ጋዝ ኤሌክትሪክ ተቀብሮ ከሚበሰብስ ደረቅ ቆሻሻ የሚወጣውን ሚቴን ሰብስቦ በማቃጠል የሚመነጭ ኃይል ነው። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ በዚህ ሥራ ቀዳሚ ነው፤ በፓሎስ ቨርደስ የቆሻሻ መጣያ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዙ እየተጣራ ለሽያጭ ይውል ነበር።

የምግብ ትርፍራፊ፣ ወረቀትና እንጨት አፈር ለብሰው አየር ሲያጡ ባክቴሪያ ያብላላቸዋል። ከሚወጣው ጋዝ ግማሽ ያህሉ ሚቴን ነው። ሚቴን ወደ ከባቢ አየር ከተለቀቀ፣ በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያፍናል። ጋዙን ለመያዝ ክምሩ ተቆፍሮ ቀዳዳማ ቱቦ ይወርድበታል፤ የመምጠጫ ማሽንም ይስበዋል። አሳሳቡ ግን ልክ አለው፤ ከመጠን ካለፈ አየር ሰርጎ ክምሩን ከውስጥ ሊያቃጥለው ይችላል። ከሻምፑና ከመዋቢያ ቅባት የሚመጣው ሲሎክሳን ደግሞ ሲቃጠል አሸዋ መሰል ዱቄት ሆኖ ሞተር ይበላል።

ትልቁ ምሳሌ ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ፣ ዊቲየር አጠገብ ያለው ፑዌንቴ ሂልስ ነው። ከ1957 እስከ ጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ከ130 ሚሊዮን ቶን በላይ ቆሻሻ ተቀብሎ ተዘግቷል። በ1980ዎቹ የተተከለው ጣቢያ ጋዙን በቦይለር አቃጥሎ በእንፋሎት ተርባይን እስከ 50 ሜጋ ዋት ያመነጭ ነበር። መጣያው ቢዘጋም ጋዙ አልቆመም፤ ከዓመት ዓመት ግን እየቀነሰ ይሄዳል።

ካሊፎርኒያ ይህን ኃይል ታዳሽ ብላ ትመዘግበዋለች። አባባሉ ለክርክር የተጋለጠ ነው፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የግዛቲቱ ሕግ የምግብ ትርፍራፊ በተቻለ መጠን ወደ መጣያ እንዳይሄድ ይፈልጋልና። በፌርፋክስ ጎዳና፣ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሰፈር ዙሪያ የሚኖር ሰው የሻገተ እንጀራውንና የቡና አተላውን መጣል ያለበት በአረንጓዴው ማጠራቀሚያ ነው።

ፌርፋክስ ሚቴንን በሌላ መልኩም ያውቀዋል። መጋቢት 24 ቀን 1985 እ.ኤ.አ.፣ ከሰፈሩ በስተሰሜን በሦስተኛው ጎዳና የሚገኝ የልብስ መደብር ከምድር በወጣ ጋዝ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎች ቆስለዋል። ይህ የቆሻሻ ጋዝ አልነበረም፤ ከአሮጌው የነዳጅ መስክ ይምጣ ወይስ ከበሰበሰ ረግረግ ባለሙያዎችን አከራክሯል።

የአዲስ አበባው የረጲ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ከቆሻሻ ጋዝ ኤሌክትሪክ ጋር ሊምታታ አይገባም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰዎችን በገደለው የቆሼ ክምር አጠገብ የተሠራውና በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ጣቢያ ከክምር ጋዝ አይሰበስብም፤ የሚያቃጥለው ራሱን ቆሻሻውን ነው።