በሻይ ተክል መካከል የተወለዱ

የዛሬዋ ስሪላንካ፣ የያኔዋ ሴሎን፣ መጀመሪያ የቡና አገር ነበረች። እንግሊዞች የካንዲን ደጋ መንጥረው፣ መገኛው የእኛ አገር የሆነውን ቡና ተከሉበት፤ ጉልበቱን ከደቡብ ሕንድ የታሚል መንደሮች አመጡ። ሰዎቹ በማናር በኩል ባሕሩን ተሻግረው በጫካ ውስጥ እስከ ማታሌ በእግር ይጓዙ ነበር፤ በበሽታና በረሃብ መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዝገት በሽታ ቡናውን ሲያጠፋው በቦታው ሻይ ገባ። ቡና በወቅት የሚለቀም ስለሆነ ሠራተኛው መጥቶ ይመለስ ነበር። ሻይ ግን ዓመቱን ሙሉ ለቃሚ ይፈልጋልና ቤተሰብ ከነልጆቹ እዚያው ቀረ።

መኖሪያቸውን «ላይን» ይሉታል፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የተደረደሩ፣ የእርሻው ንብረት የሆኑ ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ናቸው። የ1927ቱ የደመወዝ ሕግ ለወንድ፣ ለሴትና ለልጅ ሦስት የተለያየ ዝቅተኛ ክፍያ ወሰነ። ሕጉ የወጣው ሠራተኛውን ለመጠበቅ ነበር፤ የሕፃኑን ሥራ ግን ሳይከለክል ዋጋ ቆረጠለት።

ነፃነት ሲመጣ የባሰ መጣ። በ1948 የወጣው የዜግነት ሕግ፣ እዚያው የተወለደውን ሰው እንኳ የአባቱን፣ ወይም የአያቱንና የቅድመ አያቱን የትውልድ ቦታ እንዲያስረዳ ጠየቀ። የልደት ወረቀት ከየት ይምጣ? 700 ሺህ ያህል ሰው አገር አልባ ሆነ። ቁጥራቸው እያደገ ሄዶ በ1964 የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሻስትሪና የሴሎኗ ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ ተስማምተው 525 ሺውን ወደ ሕንድ፣ 300 ሺውን ወደ ሴሎን መደቡ፤ የ150 ሺውን ዕጣ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በመካከሉ የሚወለዱ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ተደልድለዋል።

የውጭው ዓለም ነገሩን በቅርብ ያየው ዘግይቶ ነው። በ1973 «ወርልድ ኢን አክሽን» የተባለው የብሪታንያ የቴሌቪዥን ዝግጅት የእርሻዎቹን ችጋር ሻይ ጠጪው ሕዝብ ቤት ድረስ አመጣው፤ «ዋር ኦን ዋንት» የተባለው ድርጅትም ጉዳዩን በጽሑፍ ገፋበት። በኋላ የእርሻ ትምህርት ቤቶቹ በመንግሥት እጅ ሲገቡ ስዊድን ለግንባታቸው፣ ጀርመን ለመምህራን ማሠልጠኛው ረድተዋል። ይህን እርዳታ አላቃልልም፤ ክፍልና መምህር ያገኘ ልጅ ከሻይ መልቀሚያው ቅርጫት ያመልጣል።

ዋናው ቁልፍ ግን ዜግነት ነበር፤ እሱን የከፈቱት በመጀመሪያ ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። በጥር 1986 በቶንዳማን የሚመራው የሠራተኞች ማኅበር አባላቱን ጠዋት ጠዋት ሥራ አስቁሞ ለጸሎት አስቀመጠ፤ በዚያው ዓመት ለአገር አልባዎቹ ዜግነት የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ስሪላንካ በ1991 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በ7ኛው አንቀጹ ለማንኛውም ልጅ ስምና ዜግነት ይገባዋል ይላል። በ2003 ፓርላማው የቀሩትን የሚያጠቃልል ሕግ አወጣ፤ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ድጋፍ በተካሄደው ዘመቻ በ10 ቀን ገደማ 190 ሺህ ያህል ሰዎች ዜግነት አገኙ። 55 ዓመት የተጎተተ ጉዳይ ፈቃድ ሲገኝ የቀናት ሥራ ሆነ።

ሥራው ግን አላለቀም። በ2021 ከሻይ እርሻ ቤተሰብ ወጥታ ኮሎምቦ በአንድ ፖለቲከኛ ቤት ትሠራ የነበረች የ16 ዓመት ልጅ በእሳት ቃጠሎ ሕይወቷ አለፈ። በዚያው ዓመት አገሪቱን የጎበኘው የተባበሩት መንግሥታት የዘመናዊ ባርነት መርማሪ የእነዚህ ማኅበረሰቦች ልጆች ለጉልበት ብዝበዛ የተጋለጡ መሆናቸውን ዘግቧል። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ዛሬም የቤታቸውና የመሬታቸው ባለቤት አይደሉም። ቤቱ ከሥራው ጋር ስለተያያዘ እናት ስትደክም ከልጆቿ አንዱ እርሻው ላይ መቅረት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የሻይ ኩባንያዎች ማሸጊያቸው ላይ ስለ ሕፃናት ጉልበት ቃል ሲገቡ፣ ተሟጋቾችም ሆንን ገዢዎች የላይን ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ እንጠይቃቸው።