ዴሪክ ኪኬት፦ ዓመቱን ሙሉ ተሰልፎ በፍጻሜው የተቀነሰው ተጫዋች

እስቲ አስቡት። የውድድር ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳያመልጣችሁ ተሰልፋችኋል። ክለባችሁ ለፍጻሜ አልፏል። አሰልጣኙ የፍጻሜውን አሰላለፍ ሲያወጣ ግን ስማችሁ የለም።

ዴሪክ ኪኬት ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ጊዜው 1993 ነው፣ አገሩ ደግሞ አውስትራሊያ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ስፖርቱ ትንሽ እንበል። የአውስትራሊያ እግር ኳስ እኛ ከምናውቀው ይለያል። ሜዳውም ኳሱም ሞላላ ነው፤ ከአንድ ቡድን 18 ሰው ሜዳ ይገባል፤ ኳሱ በእጅም ይያዛል። ጎል 6 ነጥብ ነው፣ በጎል ቋሚዎቹ ጎን ካለፈ ደግሞ 1 ነጥብ። ትልቁ ሊግ ኤኤፍኤል ይባላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የሻምፒዮና ሜዳልያ የሚሰጠው ፍጻሜው ላይ ለተሰለፉ ተጫዋቾች ብቻ ነው።

ኪኬት በ1962 የተወለደ፣ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የወጣ ተጫዋች ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ለዌስት ፐርዝና ለክሌርሞንት ተጫውቷል። በ1987 የክልሉ ሊግ የኮከብ ተጫዋች ሽልማት በሆነው በሳንድኦቨር ሜዳልያ ከሁሉም በላይ ድምፅ ቢያገኝም፣ በዚያ ዓመት ቅጣት ስለነበረበት ሜዳልያው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ወደ ትልቁ ሊግ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1989፣ በ26 ዓመቱ፣ ለኖርዝ ሜልበርን 12 ጨዋታ አደረገ። በዓመቱ ወደ ኤሴንደን ሄደ፤ እዚያ 77 ጨዋታ ተጫወተ።

1993 ላይ ኤሴንደን በግማሽ ፍጻሜው በአዴሌድ በ42 ነጥብ እየተመራ ለእረፍት ወጥቶ፣ ተመልሶ በ11 ነጥብ አሸነፈ። ከዚያ አሰልጣኙ ኬቨን ሺዲ ኪኬትን ከፍጻሜው ቡድን ቀነሰው። ኤሴንደን ካርልተንን በ44 ነጥብ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ኪኬት ግን ሜዳልያ የለውም። ለኤሴንደን ከዚያ ወዲህ አልተጫወተም፤ ሺዲንም ለዓመታት አላናገረውም።

በ31 ዓመቱ ወደ ሲድኒ ስዋንስ አቀና። ሲድኒ ያኔ የሊጉ ጅራት ነበር፤ 1994ንም በመጨረሻ ደረጃ ጨረሰ። በ1996 ግን ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ሲድኒ መደበኛውን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጨረሰና ለፍጻሜ ለማለፍ ከማን ጋር ተገናኘ? ከሺዲው ኤሴንደን ጋር! ሰዓቱ ሲያልቅ ነጥቡ እኩል ነበር። ቶኒ ሎኬት ከፊሽካው በኋላ በመታት ኳስ የተገኘችው 1 ነጥብ ሲድኒን አሳለፈች።

ኪኬት በመጨረሻ የፍጻሜውን ሜዳ ረገጠ። ተጋጣሚው ደግሞ የመጀመሪያ ክለቡ ኖርዝ ሜልበርን ነበር። ሲድኒ በ43 ነጥብ ተሸነፈ። ያ ጨዋታ የኪኬት የመጨረሻው ሆነ።

ሲደመር 3 ክለብ፣ 152 ጨዋታ፣ ዜሮ የሻምፒዮና ሜዳልያ። የ1993ቱ ዋንጫ ላይ ላቡ አለበት፤ ስሙ ግን ከአሸናፊዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለም። አሰልጣኙ ዋንጫውን ስላሸነፈ ውሳኔው ትክክል ነበር የሚሉ አሉ። ግን ቡድኑን እዚያ ድረስ ያደረሰ ሰው ሜዳልያ አይገባውም?

እናንተ በሺዲ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሐሳባችሁን ጻፉልን።