የሚቀልጥ መንገድ፦ የዛንስካር የክረምት ጉዞ ታሪክ

መንገድ ለብዙ ሰው ጸንቶ የሚኖር ነገር ነው። ተጓዡ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ባለበት ይቆያል። በምዕራብ ሂማላያ፣ በሕንድ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በላዳክ ምድር የምትገኘው ዛንስካር ግን ለብዙ ትውልድ የኖረችው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሰዎቹ ባሉበት ይቆያሉ፤ መንገዱ በየዓመቱ ይመጣል፣ ጥቂት ሳምንታት ሰንብቶም ቀልጦ ይሄዳል። በዚያ አገር በክረምት መገባደጃ ጉዞ ማቀድ ከሚጠፋ መንገድ ጋር ቀጠሮ መያዝ ነበር። ስለዚህም የዕቅዱ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ልነሣ?» ሳይሆን «መቼ እመለሳለሁ?» የሚል ነው። የአካባቢው የአራት መቶ ዓመት ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስቀደሙና የዘነጉ ሰዎች ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

«ክረምት» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ዝናብን፣ ጭቃንና የሞላ ወንዝን ያስታውሳል። የሂማላያ ክረምት ግን የሚውለው በኢትዮጵያ በጋ በሚባሉት ወራት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። የኢትዮጵያ ክረምት ተጓዡን ከወንዝ ማዶ ያስቀረዋል፤ የዛንስካር ክረምት ደግሞ ወንዙን ራሱን መንገድ ያደርገዋል። በዚህ ጽሑፍ ክረምት የተባለው ይኸው የበረዶ ወቅት ሲሆን፣ ዘመኖቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት የምድሩን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። የዛንስካር ዋና መንደር ፓዱም ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋን የከበቧት ተራሮች የሚታለፉት በጥቂት ከፍተኛ መተላለፊያዎች ብቻ ነው። የቲቤትኛው «ላ» በአማርኛ ጣርማ በር በሚለው ስም ውስጥ ካለው «በር» ጋር ተመሳሳይ ትርጉም አለው። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካርጊል የሚያወጣው ፔንሲ ላ 4,400 ሜትር ያህል ይደርሳል። ወደ ደቡብ፣ ወደ ላሁል የሚያወጣው ሺንኩ ላ ደግሞ ከ5,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ከ500 ሜትር በላይ ይበልጣል ማለት ነው። በረዶ መጣል ሲጀምር እነዚህ በሮች ይዘጋሉ፤ ለወራትም ሳይከፈቱ ይቆያሉ።

የቀረው አንድ መውጫ የዛንስካር ወንዝ ነው። ወንዙ ጥልቅና ጠባብ በሆነ ገደል ውስጥ ወደ ሰሜን ፈስሶ፣ ከላዳክ ዋና ከተማ ከሌህ በስተምዕራብ፣ ኒሙ በተባለ ስፍራ ከኢንደስ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ውኃው ኃይለኛ ስለሆነ በገደሉ ውስጥ በእግር ማለፍ አይቻልም። በጥርና በየካቲት ግን ብርዱ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ አልፎ ሲወርድ የወንዙ ገጽ ይረጋል። የአገሩ ሰዎች ይህን የበረዶ ንጣፍ «ቻዳር» ይሉታል፤ ቃሉ በሕንድኛና በኡርዱ አንሶላ ወይም ነጠላ ልብስ ማለት ነው። በሌላው ወቅት ብዙ ቀን በተራራ ላይ የሚያንከራትተው ጉዞ በዚህ አንሶላ ላይ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳማ መንገድ ይሆናል።

ዛንስካሮች በዚህ መንገድ የሚጓዙት በዋናነት ለገበያ ነበር። በበጋ ያጠራቀሙትን ቅቤ ተሸክመው ወደ ሌህ ይወርዳሉ፤ በሽያጩ ገንዘብ የሚያስፈልጋቸውን ሸምተው ይመለሳሉ። ከጊዜ በኋላም በሌህ የሚማሩ ልጆች በክረምት ዕረፍት በዚሁ ወንዝ ላይ ከቤተሰባቸው ጋር ይመላለሱ ጀመር። ስንቃቸው ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ከተቆላ ገብስ የሚፈጭ ዱቄት ነው፣ በሶ ማለት ነው። እርሱን በጨውና በቅቤ በተመታ ሻይ እያራሱ ይበላሉ። ማደሪያቸው በገደሉ ግድግዳ ላይ ያለ ዋሻ፣ ማሞቂያቸውም ወንዙ አምጥቶ የጣለው እንጨት ነው።

የጉዞው ጥበብ ያለው ግን በረዶውን ማንበብ ላይ ነው። በረዶው በየቀኑ ይለወጣል፤ ትናንት የተሸከመ ስፍራ ዛሬ ሊከዳ ይችላል። ስለዚህ ፊት የሚሄደው ሰው በበትሩ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ ተከታዮቹም እግራቸውን ሳያነሡ እያንሸራተቱ ዱካውን ይከተላሉ። በረዶው በተሰበረበት ቦታ ወይ ዐለቱን ተንጠላጥለው ያልፋሉ፣ ወይም እስኪረጋ ድረስ ይጠብቃሉ። የየካቲት ወር መጨረሻ ከሁሉ ይልቅ አስጊ ነው። ከላይ በሮቹ ገና በበረዶ ክምር እንደ ተዘጉ፣ የናዳውም አደጋ እንደ ከፋ ነው፤ ከታች ደግሞ ወንዙ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ቅቤውን በጥሩ ዋጋ ለመሸጥ ሲል ሌህ ላይ ጥቂት ቀን የዘገየ ነጋዴ በረዶው ቀልጦበት፣ በሮቹ እስኪከፈቱ ድረስ ከቤቱ ሊለይ ይችላል።

ይህን ሕግ ነገሥታትም ሊያመልጡት አልቻሉም። የላዳክ ንጉሥ ጃምያንግ ናምግያል በ17ኛው መቶ ዓመት መባቻ በጎረቤቱ በባልቲስታን ላይ በክረምት ለመዝመት አሰበ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ አዲሱ ዓመት ሳይከበር ዘመቻ መውጣት መልካም እንዳልሆነ አማካሪዎቹ አሳሰቡት። ንጉሡም ዘመቻውን ከማዘግየት ይልቅ በዓሉን ሁለት ወር አስቀደመው። ላዳኮች እስከ ዛሬ ሎሳር የተባለውን የዘመን መለወጫቸውን ከቲቤቶች ቀድመው፣ በታኅሣሥ ወር አካባቢ የሚያከብሩት በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። የቀን መቁጠሪያ ለንጉሥ ይታዘዛል፤ በረዶ ግን አይታዘዝም። የስካርዱው ገዢ አሊ ሚር የላዳክን ሠራዊት ወደ ውስጥ እየሳበ መተላለፊያዎቹ በበረዶ እስኪዘጉ ድረስ እንደ ጠበቀው ዜና መዋዕሉ ይተርካል። ጃምያንግ ተማረከ፤ በኋላም የአሊ ሚርን ልጅ ጊያል ኻቱንን አግብቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው ሴንጌ ናምግያል በሌህ ኮረብታ ላይ የሚታየውን ታላቅ ቤተ መንግሥት ያሠራ ንጉሥ ሆነ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው ሌላው ተጓዥ ሠራዊት አልነበረውም። ሀንጋሪያዊው አሌክሳንደር ቾማ ደ ኮሮሽ የሕዝቡን የጥንት መነሻ ለመፈለግ በ1819 ከአገሩ በእግሩ ተነሣ። በ1822 በላዳክ መንገድ ላይ ከእንግሊዛዊው ተጓዥ ከዊልያም ሙርክሮፍት ጋር ተገናኘ፤ በእርሱም ምክርና ድጋፍ ቲቤትኛን አጥንቶ መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት ቆረጠ። በ1823 በጋ ዛንስካር ገባና ዛንግላ በተባለች ስፍራ ሳንግዬ ፑንትሶግ ከተባሉ ሊቅ ላማ ዘንድ ተማሪ ሆነ። ቾማ ክረምቱን ሊያልፈው አልሞከረም፤ ሊቀመጥበት አቀደ እንጂ። እርሱ፣ መምህሩና አንድ አገልጋይ በረዶ ደጁን በዘጋባቸው ወራት ስፋቷ ዘጠኝ ጫማ በዘጠኝ ጫማ በሆነች ክፍል ውስጥ ከረሙ። እሳት አልነበረም፤ ከመሸም በኋላ መብራት የለም። ቾማ ደበሎ ተከናንቦ ከጧት እስከ ማታ ያነብ ነበር፤ ገጽ ለመግለጥ እጁን ማውጣት እንኳ ከባድ ሥራ ነበር።

ይኸው ሰው ክረምቱን በጉዞ ዕቅድ ውስጥ ባስገባው ጊዜ ግን ዕቅዱ ፈረሰ። በ1824 መኸር ከዛንስካር ሲወጣ ላማው ሊከተሉት ተስማምተው ነበር። ሆኖም ሳይመጡ ቀሩ፤ መተላለፊያዎቹም በበረዶ ተዘጉ። ቾማ ሥራውን ለመቀጠል በሚቀጥለው ዓመት ራሱ ወደ ዛንስካር ተመልሶ በፑክታል ገዳም ሌላ ክረምት ማሳለፍ ነበረበት። የቲቤትኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቱና ሰዋስዉ በ1834 በካልካታ ታተሙ። ዛሬ በአውሮፓ የቲቤት ጥናት አባት እየተባለ የሚጠራው ይህ ሰው በ1842 በዳርጂሊንግ ዐረፈ።

መዝገበ ቃላቱ በታተመበት በዚያው በ1834 የጃሙ ገዢ ጦር አዛዥ ዞራዋር ሲንግ ላዳክን ወረረ። ከሰባት ዓመት በኋላም፣ በ1841፣ ወደ ምዕራብ ቲቤት ዘልቆ ሰፊ ግዛት ያዘ። በበጋው ድል ተከታተለለት፤ ነገር ግን ከኋላው ወደ ላዳክ የሚመልሱት በሮች በበረዶ መዘጋታቸው አልቀረም። ወታደሮቹ ብዙዎቹ ከሞቃት ቆላ የመጡ፣ ለብርዱ የሚሆን ልብስም የሌላቸው ነበሩ። እጅና እግራቸው በብርድ የደረቀባቸው ብዙ ናቸው፤ ለመሞቅ ሲሉ የጠመንጃቸውን ሰደፍ እስከ ማንደድ እንደ ደረሱም ይነገራል። ዞራዋር ሲንግ በዲሴምበር 12 ቀን 1841 በታክላኮት አቅራቢያ በጦርነት ወደቀ። የጠላቱን ብዛት ቆጥሮ ነበር፤ የመመለሻውን ቀን ግን አልቆጠረም።

በክረምት መገባደጃ ታቅዶ ከተሳካው ጉዞ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቀሰው ደግሞ በ1948 የተፈጸመው ነው። ሕንድና ፓኪስታን በተለያዩ ማግስት በካሽሚር ጦርነት ተነሣ፤ በኢንደስ ሸለቆ የሚመጣው ኃይል ሌህን ያሰጋ ነበር። ከስሪናጋር ወደ ላዳክ የሚያስገባው ዞጂ ላ 3,500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ቢኖረውም በበረዶው ክምርና በናዳው የታወቀ በር ነው። በሩ እስኪከፈት ቢጠበቅ ሌህ ቀድማ ልትወድቅ ትችላለች። በዚህ ጊዜ ሻለቃ ፕሪቲ ቻንድ ጥቂት በጎ ፈቃደኞችን ይዞ በፌብሩዋሪ 16 ከስሪናጋር ተነሣ፤ በረዶውን ሰንጥቆም በማርች 8 ሌህ ገባ። ሰዎቹ በዕጣ የተገኙ አልነበሩም። እርሱም ፈቃደኞቹም የላሁል ተወላጆች፣ በበረዶ መካከል ተወልደው ያደጉ ነበሩ። የመመለስ ዕቅድም አልያዙም፤ ጠመንጃውን አድርሰው፣ የአገሩን ወጣቶች አሠልጥነው፣ እስከ በጋ ሌህን ሊጠብቁ ነው የሄዱት። አብሮ የሄደው ላዳካዊው መሐንዲስ ሶናም ኖርቡ በሌህ የአውሮፕላን ማረፊያ አሠራ፤ በሜይ 24 ቀን የመጀመሪያው ዳኮታ አውሮፕላን አረፈበት። ዞጂ ላም በኖቬምበር 1 ቀን፣ ቀጣዩ ክረምት በሩን ሳይዘጋው፣ በቀላል ታንኮች ርዳታ ተያዘ።

ላዳክ በ1974 ለውጭ አገር ጎብኚዎች ከተከፈተች በኋላ የነጋዴዎቹ ቻዳር ቀስ በቀስ የጎብኚዎች መንገድ ሆነ። የቅቤ ተሸካሚዎቹ ልጆች የድንኳንና የምግብ ተሸካሚዎች፣ መሪዎችም ሆኑ። ጎብኚው ግን የሚመጣው የመመለሻ ቀኑ በአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ ተጽፎ ነው። ሌህ 3,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ሰውነት አየሩን እስኪለምድ ጥቂት ቀን ማረፍ ያስፈልጋል፤ ወንዙም በተቆረጠለት ቀን አይረጋም። በዲሴምበር 31 ቀን 2014 በፑክታል ገዳም አካባቢ የተራራ ናዳ ወርዶ የዛንስካርን ገባር ወንዝ ገደበው። ከናዳው በስተጀርባ የተጠራቀመው ሐይቅ ክረምቱን ሁሉ ከላይ ሲያሰጋ ቆይቶ በሜይ 7 ቀን 2015 ጥሶ ወጣ፤ ድልድዮችንም ጠራርጎ ወሰደ። ከታች በበረዶው ላይ ለሚቆም ሰው ከላይ ያለው ምን እንደሚያደርግ ከአገሬው በቀር የሚነግረው የለም።

አሁን ደግሞ ቋሚ መንገድ መጥቷል። ወንዙ የሚፈስበትን ገደል ዐለት እየፈለጡ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩት የቆዩት፣ ከኒሙ በፓዱም በኩል እስከ ላሁል የሚደርሰው 298 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በማርች 2024 ተገናኘ። በሺንኩ ላ ሥር የሚያልፈውን 4.1 ኪሎ ሜትር ዋሻ የመቆፈር ሥራም በዚያው ዓመት በጁላይ ተጀመረ። ይህ ለዛንስካር ትልቅ ነገር ነው። በክረምት ምጥ የያዛት እናት፣ ድንገት የታመመ ሽማግሌ ከእንግዲህ የወንዙን መርጋት መጠበቅ የለባቸውም። ያን ዘመን ከሩቅ ሆኖ መናፈቅ በበረዶው ውስጥ የገቡትን ሰዎች መርሳት ነው።

ሆኖም መንገዱ ሲመጣ የሚቀር ነገር አለ። በረዶን በበትር ድምፅ መለየት በመጽሐፍ የሚተላለፍ ዕውቀት አይደለም፤ ልጅ አባቱን ተከትሎ፣ ዱካውን ረግጦ የሚማረው ነው። ልጁ በአውቶቡስ መሄድ ሲጀምር ትምህርቱ ይቋረጣል። ክረምቱ ግን አልቀረም፤ ናዳ አዲሱንም መንገድ ይዘጋል። ዛሬ በየካቲት ወደ ዛንስካር ለመሄድ የሚያስብ ሰው በመኪና ይግባ፣ በበረዶው ላይ ይራመድ፣ ከልብሱና ከስንቁ አስቀድሞ ሊወስናቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ፦ መንገዱ ቢዘጋበት ለመቆየት የሚበቃ ቀን መያዙ፣ እንዲሁም ፊት የሚሄደው የአገሩ ሰው «እንመለስ» ሲል ያለ ክርክር መታዘዙ። ቅቤ ነጋዴዎቹ ከሌህ ገበያ ይልቅ የወንዙን ድምፅ የሚያደምጡት ይህን ስለሚያውቁ ነበር።