ፈረስ

ባሌ ሮቤ ላይ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል፤ በዛር ቋንቋ ግን ፈረስ ሰው ነው፣ ዛሩ፣ ማለትም መንፈሱ፣ የሚጋልበው። እዚያ ኦሮሞው መንፈሱን «አያና» ይለዋል። የተያዘች ሴት ድምጿ ይጎረንናል፣ ስሟን ሲጠይቋት የሌላ ስም ትጠራለች፤ ሲለቃት «ምን አልኩ?» ትላለች።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን መያዝ በተከፋፈለ ማንነት ሕመም መለያ ውስጥ አስገብቷል። ባህሉ የተቀበለው ሥርዓት ግን ሕመም አይባልም፤ ሕመም ለመባል ያለፈቃድ የሚመጣ፣ ኑሮን የሚያናጋ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ከጀርባው የልጅነት በደል አለ። ለሕመሙ የተለየ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና ከባለሙያ ጋር የሚደረግ ረጅም ንግግር ነው። ዛር የያዘውን የሚያክመው ባለዛርም ቢሆን መጀመሪያ መንፈሱን «ማነህ? ምን ትሻለህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ከ«እብድ» ይልቅ «ፈረስ» ይሻለኛል፤ ጋላቢ ይወርዳላ።